እትዬ አስካለ ምክር ሰምተው ነበር

ጡረታ በወጣሁበት ቀን የጤና ጣቢያው ሠራተኞች በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ዳቦ ቆርሰው፣ ለስላሳ ደርድረው፣ ጋቢ አለበሱኝ። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ የቀድሞው ኃላፊያችን ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። አሁን ከፍ ያለ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ለእኔ ሲል ከዚያ ድረስ መምጣቱን ሦስት ጊዜ ነገረን። ስሙን አልጽፍም፤ እሱ ራሱን ያውቃል። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነም «እሱ» እለዋለሁ። ሥራ ላይ ሳለን «እርስዎ» ስለው የኖርኩት ይበቃዋል።

ስለ ትዕግሥቴ ተናገረ። ምክር የማይሰማ ታካሚ ሲገጥመኝ እንኳ ተስፋ እንደማልቆርጥ ከገለጸ በኋላ አንድ ታሪክ አመጣ። የጉልበት ሕመምተኛ የሆኑ አንዲት እናት ነበሩ፤ ይህን ብሉ ቢባሉ እምቢ፣ ያን ተዉ ቢባሉ እምቢ፤ በመጨረሻ ወድቀው ዳሌያቸውን ሰበሩ። «ባለሙያ ምን ያድርግ? አያጎርሳቸው ነገር» አለ። ሰዉ ሳቀ። ከአዳራሹ ውስጥ የትኛዋን እናት እንደሚል ያወቅነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ታሪኩ ውሸት መሆኑንም የምናውቀው ሁለታችን ነን። እኔ ግን ጋቢዬን እንደያዝኩ ተነስቼ እጅ ነሣሁና አመሰገንኩ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ምስጋና ነው። እትዬ አስካለ እስከዛሬ ድረስ «ምክር አልሰማም ያለች» እየተባሉ ነው የሚኖሩት፤ ፋይላቸውም እንደዚያ ይላል። ለፋይሉ የሚሆን አንድ ገጽ ለብቻው ጽፌ አስገብቻለሁ። እዚህ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ እናገራለሁ፤ ካልሆነ መጨረሻው አይገባም።

ሥራ የጀመርኩት አቃቂ ውስጥ፣ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ነው። በነርስነት ስመረቅ ትልቅ ሆስፒታል የምመደብ መስሎኝ ስለነበር የመጀመሪያውን ወር አኩርፌ ነው የሠራሁት። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነበረው። ግድግዳው ከፈትል ክፍሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ማሽኖቹ ሲነሱ መደርደሪያው ላይ ያሉት የመድኃኒት ጠርሙሶች ይንጫጫሉ። ኃላፊዬ ሲስተር ዘነበች ይባሉ ነበር፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ለማንም በቀላሉ የማይስቁ ሴት። መጀመሪያ ያሉኝ ነገር «እጅሽ ቀዝቃዛ ነው፤ ሂጂና አሙቂው» የሚል ነው። የታመመ ጉልበት በቀዝቃዛ እጅ ሲያዝ ጡንቻው ይሰበሰባል፣ ከዚያ በኋላ የምትነኪው ሕመሙን ሳይሆን ድንጋጤውን ነው ይሉ ነበር። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ የሞቀ ውሃ በሳፋ አይጠፋም።

ታካሚ ሲገባ ሲስተር ዘነበች ፊቱን አያዩም። ከበሩ እስከ ወንበሩ እንዴት እንደሚራመድ ነው የሚያዩት። ያስቀምጡታል፣ እጆቹን ደረቱ ላይ እንዲያጣምር ያደርጉታል፣ ከዚያ «ተነስ» ይሉታል። ሳይደገፍ አምስት ጊዜ መነሳት ያልቻለውን ሰው ጭኑን ይለኩታል። ለዚህ ሲሉ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚውሉት። አንድ አዲስ ሠራተኛ ልብስ ሰፊ መስለውት የተቀደደ ኮቱን ይዞባቸው መጥቶ ያውቃል፤ ኮቱን ተቀብለው ወንበር ላይ አኖሩና «እስኪ መጀመሪያ አንተን ልይህ» አሉት። ሲለኩ ከታካሚው የጉልበት ሎሚ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ጭኑን በሜትሩ ያዞሩታል፣ ቁጥሩን በእርሳስ ይጽፉታል።

«ሚዛን ግማሹን ነው የሚነግርሽ» ይሉኝ ነበር። «ሰው ሲቀልል ስቡ ይሂድ ጡንቻው ይሂድ ሚዛኑ አያውቅም። ጉልበትን የሚሸከመው ጭን ነው። ጭኑን ለኪ።»

የፈትል ክፍል ሴቶች ፈረቃቸውን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆመው ነው የሚውሉት። አርባ ዓመት ሳይሞላቸው ጉልበታቸው ይንቋቋል። ሁሉም የሚያውቀው አንድ ስም ነው፤ ሪህ። ሪህ ነው ከተባለ ቀይ ሥጋ ይተዋል፣ ነገሩ አለቀ። ሲስተር ዘነበች ሪህን ከእነሱ ሕመም ለመለየት ብዙ ይደክሙ ነበር። ሪህ ድንገት ይነሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ የእግር አውራ ጣትን ይዞ ያቀላል፣ ያሳብጣል፤ እሱስ ከሥጋና ከመጠጥ ጋር በእርግጥ ይገናኛል። የእነዚህ ሴቶች ግን በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለችው ለስላሳ ልባስ በዕድሜ፣ በክብደትና በሥራ ቀስ እያለች የምትሳሳበት ሕመም ነው። «ያኛው ሌባ ነው፤ ይገባል፣ ይወጣል» ይሉ ነበር። «ይሄኛው ግን ተከራይ ነው። አንዴ ከገባ አታስወጪውም። አደብ እንዲይዝ ታደርጊዋለሽ።»

እትዬ አስካለን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ያኔ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነበሩ፤ ሰው «አስኩ» ይላቸው ነበር፤ ፈትል ክፍል ውስጥ እንደሳቸው ቀልድ የሚያውቅ አልነበረም። ጉልበታቸውን ይዘው መጡና እኔ በወረቀቱ ቅደም ተከተል «ምን ይበላሉ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ያገኘሁትን ነዋ» አሉ።

ሲስተር ዘነበች ከኋላዬ መጥተው ወንበር ሳቡ። «እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። አስኩ፣ ትናንት ስትነሺ መጀመሪያ አፍሽ የገባው ምንድን ነው?»

«ምንም። ሻይ።»

«ሻይ ባዶውን?»

«በዳቦ።»

«ስኳሩስ?»

«ሦስት። አራት። ትንሽዬ ማንኪያ ናት እኮ፣ ሲስተር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምሳ ነው።»

«እስከ ምሳ ያኘክሽው የለም?»

«ቆሎ ይቆጠራል እንዴ?»

«ሁሉም ይቆጠራል። እኔ የንስሐ አባትሽ አይደለሁ፣ አልቆጣሽም።»

እንዲህ እየተጠየቀ የአንድ ቀን ምግብ ከነሰዓቱ ይወጣል። ምክሩ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስኳሩን ወደ ሁለት፣ ከዳቦው ይልቅ ባቄላ፣ ሲገኝ እንቁላል፣ ቅቤውን በልክ። «ይፈውሳል» የሚል ቃል ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። «ይሞከርና እንየው» ነው የሚሉት።

ስለ ወንበር ነገርም ላንሳ። እትዬ አስካለ በየሰዓቱ ትንሽ እንዲቀመጡ ሲስተር ዘነበች በወረቀት አዘዙ። ካፖው፣ የክፍሉ አለቃ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ሲስተር ዘነበች ከክሊኒኩ ዱካ ተሸክመው ፈትል ክፍል ገቡ።

«ሲስተር፣ ይሄ ፋብሪካ ነው፣ ለቅሶ ቤት አይደለም። ወንበር አንደረድርም» አለ ካፖው።

«ለቅሶ እንዳይመጣ ነው ያመጣሁልህ» አሉና ዱካውን ከማሽኑ አጠገብ አኑረው ወጡ። ዱካው እዚያው ቀረ። ከእኚህ ሴት ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ነው ያረፉት። ሜትራቸውን ለእኔ ነበር የተዉልኝ።

ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ክሊኒኩም ተዘጋ፤ እኔ ወደ ቃሊቲ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ክትባት ክፍል፣ ወሊድ ክፍል፣ ካርድ ክፍል ሳይቀር አዞሩኝ። ስለ እድገትና ስለ አቤቱታ ደብዳቤዎቼ አልጽፍም፤ የተከለከልኩትን የከለከሉኝ ያውቁታል። በመጨረሻ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ክትትል ክፍል ውስጥ አረፍኩ። ስኳር፣ ግፊትና ጉልበት። አብዛኞቹ የጉልበት ታካሚዎች ያው የፋብሪካዎቹ ጡረተኞች ነበሩ፤ እትዬ አስካለም በስተርጅና ከብደው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቀልዳቸውን ግን ይዘው ተመልሰው መጡ።

ያን ጊዜ ነው ኃላፊው የተመደበው። አንድ ነገር ልመስክርለት፤ ለዓመታት ተቋርጦ የነበረውን ውሃ ያስገባልን እሱ ነው። ከዚያ ውጭ ስብሰባ ላይ እንኳ የልብ ማዳመጫውን ከአንገቱ አያወርድም፣ ጉልበት ሲነካ ግን አንድ ቀን አላየሁትም። ከአንድ ሥልጠና እብጠትን ያበርዳሉ ስለሚባሉ ምግቦች የሚያወራ ወረቀት ይዞ መጣ። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ተልባ። «ሳይንሱ ራሱ ወደ ጓዳችን ገባ» አለ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቢጫ ማስታወቂያ ተሰቀለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰፈሩ እርድ ከገበያ ጠፋ። አቃቂ በሰቃ ገበያ ቅመም የሚሸጠው የስልጤው ሙዘይን «ሲስተር፣ ከሐኪም ቤት ወደ ሱቄ መላክ ጀመራችሁ፤ ነጭ ጋውን ልግዛ?» ብሎ ቀለደብኝ።

ስለ እርድ የማውቀውን በቀጥታ ልጻፍ። ቢጫነቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር እብጠትን በመጠኑ ያበርዳል የሚሉ ጥናቶች መኖራቸውን በሥልጠናዎቹ ሰምቻለሁ፤ ሕመማቸው ቀለል ያላቸው ታካሚዎችም አይቻለሁ። ግን ወጥ ውስጥ የምትገባው እርድ ትንሽ ናት፣ ሆድም ብዙውን አይቀበለውም። የሳሳውን ልባስ መልሶ ያበቀለ እርድ አላየሁም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በማንኪያ እየዛቀ ቢውጠው ደግሞ ጣጣ ሊያመጣበት ይችላል። ይህን ለኃላፊው ስነግረው «አሉታዊ አትሁኚ» አለኝ።

እኔ በራሴ ደብተር የምከታተለው ሌላ ነገር ነበረኝ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት የጉልበት ታካሚ እንደሚበዛ ካርድ ክፍል ሳለሁ አስተውያለሁ። በሁዳዴ ሰዎቹ ይቀልላሉ፣ ሕመማቸውም ይቀንሳል። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕም ዓርብም ስለሚበላ ክብደቱ ይመለሳል፣ ጉልበቱም ይመለሳል። ሆድ ላይ የተጨመረች አንድ ኪሎ ጉልበት ዘንድ ስትደርስ ብዙ ኪሎ ትሆናለች። ይህን በጻፍኩበት ገጽ ሥር ሲስተር ዘነበች ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጥያቄ ጽፌ ነበር፤ «ሌላስ ምን ነበረ?» ሌላ የነበረው የሰሙነ ሕማማት ስግደት ነው። ሳምንት ሙሉ የሰገደ ጉልበት ከፋሲካ በኋላ ቢያመው ምግቡ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ኃላፊው ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አግኝቶ አነበበው። በጣም ደስ አለው። «ይሄ ምርጥ ተሞክሮ ነው! የጾም ምግብ ለጉልበት።»

«ስግደቱስ? አልተለየም እኮ።»

«ስግደቱን ተይው። ከሃይማኖት ጋር አታጋጪን።»

ተውኩት። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰበሰብ ቡድን ተቋቋመ፤ ታካሚዎቹ ራሳቸው «የጉልበት ማኅበር» አሉት። ኃላፊው አዲስ የክትትል ቅጽ አዘጋጀ። ቅጹ ላይ ክብደት አለ፣ ግፊት አለ፣ እርድ ይጠቀማሉ ወይ የሚል አለ። ለጭን ልክ ቦታ የለውም። ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን በሉ የሚል የለውም፤ «ምክር ተሰጥቷል» የሚል ምልክት ማድረጊያ ነው ያለው። መጀመሪያ ላይ የጭኑን ልክ በሕዳጉ ላይ በእርሳስ እጽፍ ነበር። ኃላፊው ቅጹ ተበላሸ ብሎ ሁለት ጊዜ አስገለበጠኝ። ወረፋው ደግሞ እስከ ግቢው በር ይደርሳል። ሜትሩን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ማንም በግድ አላስገባኝም፤ ራሴ ነኝ ያስገባሁት።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲፈታ እትዬ አስካለ መጥተው ተመዘኑ። ደህና ቀንሰዋል፣ ፊታቸው በርቷል፣ ጉልበታቸውም ቀለል ብሏቸዋል። በቡድኑ ፊት እንዲህ አልኳቸው፤ «የጾሙ ምግብ ተስማምቶዎታል፣ እትዬ አስካለ። ከፋሲካም በኋላ እንደዚሁ ይቀጥሉ።» ማለቴ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ተልባው ነበር። ግን እኛ አገር የጾም ምግብ ብቻውን አይመጣም፤ ከሰዓቱ ጋር፣ ከክልከላው ጋር ነው የሚመጣው። እሳቸው ደግሞ አጥባቂ ሰው ናቸው። ይህን ማሰብ የኔ ሥራ ነበር።

በየወሩ እየቀለሉ መጡ። በየወሩ አጨበጨብንላቸው። ኃላፊው «ሞዴል ታካሚ» አላቸውና ከሌሎች ጤና ጣቢያዎች ለልምድ ልውውጥ የሚመጡ እንግዶች ፊት ያቆማቸው ጀመር። ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጠላቸውን ለብሰው «እኔ ድሮ በርሜል ነበርኩ፤ አሁን ጠርሙስ ሆንኩ» እያሉ ያስቋቸዋል።

በአንደኛው ቅዳሜ ከወንበራቸው ሲነሱ አየኋቸው። በሁለት እጃቸው ወንበሩን ገፍተው ነው የተነሱት። ያን አይነት አነሳስ ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ሲስተር ዘነበች አሥራ አንድ ዓመት አስተምረውኛል። ጠርቼ «ትናንት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ቀመሱ?» ማለት ነበረብኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ እንግዶቹ በር ላይ ደርሰዋል። ክብደታቸውን ጽፌ የሚቀጥለውን ጠራሁ።

ከወር በኋላ ከገዛ ደጃፋቸው፣ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ሊደፉ ሲወርዱ፣ እግራቸው ከዳቸውና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ብርድ ልብሱ ገለጥ ብሎ ጭናቸውን አየሁ፤ የኔ ክንድ ያህል ነው። ያኔ ጠየቅኩ። ዓመቱን ሙሉ፣ በበዓለ ሃምሳ ሳይቀር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ነበር የሚውሉት። ከዘጠኝ በኋላ ትንሽ እንጀራ፣ ጎመን፣ ተልባ።

«እንቁላልስ?» አልኩ።

«ፍስክ ነው እኮ፣ ሲስተር።»

«ባቄላስ? ሽሮ?»

«ሆዴን ስለሚነፋኝ ተውኩት። ተልባው ይበቃል ብዬ። ቀጥዪ አላልሽኝም?»

በዕድሜ የገፋ ሰው ሲራብ ስቡ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ጡንቻው ቶሎ ይቀልጣል፣ ለመመለስ ደግሞ ይዘገያል፤ የሚገነባ ምግብና የሚያሠራው እንቅስቃሴ ካላገኘም አይመለስም። ሚዛኑ ሲወርድ ያጨበጨብነው ለጭናቸው መቅለጥ ነበር። እጃቸውን ያዝኩ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ሪፖርት ተጻፈ። ኃላፊው የጻፈው «ታካሚዋ የተሰጣቸውን የአመጋገብ ምክር ተግባራዊ ባለማድረጋቸው» ብሎ ይጀምራል። ከሥሩ የክትትል ነርስ ፊርማ ይፈልጋል።

«ይሄ ልክ አይደለም። ያልናቸውን ነው ያደረጉት» አልኩት።

«ታዲያ ያልናቸው ምንድን ነው ብለሽ ልትጽፊ ነው? ማን ነው ቀጥዪ ያላቸው?» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ፈርሚ፣ ሲስተር። ለአንቺም ይሻላል።»

ፈረምኩ። የያኔ ምክንያቶቼን አልዘረዝርም። ለልጃቸው ለደረጀ ወረቀቱን ያነበበለት ኃላፊው ነው። ደረጀ እናቱን ከአቃቂው ቤት አንስቶ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቱ ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜም አልጎበኘኋቸውም። ሦስት ዓመት።

ከስንብቱ በኋላ በነበረው እሑድ ሄድኩ። ያን ደረጃ የወጣሁት በየእርከኑ እየቆምኩ ነው፤ የኔም ጉልበት ከጀመረው ቆይቷል። በሩን የከፈተልኝ ደረጀ ነበር። ብየዳ ቤት አለው፤ እጁ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ አይጠፋም። እትዬ አስካለ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። የብረት መደገፊያቸው ጥግ ላይ ቆሞ የታጠበ ፎጣ ተሰጥቶበታል።

«አየሽ የት እንደሰቀለኝ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «እዚህ ሆኜ የጂቡቲ መኪና ሲያልፍ ነው የማየው። ሹፌሮቹ ከኔ ይሻላሉ፣ ቢያንስ ይወርዳሉ።»

«እማዬ፣ ደግሞ ጀመርሽ» አለ ደረጀ። «ሲስተር፣ እስኪ እርስዎ ይንገሯት። ደረጃ ካልወረድኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ካልሳምኩ እያለች ታስቸግረኛለች። ያኔም አልሰማም ብላ ነው ለዚህ የደረሰችው፤ አሁንም አትሰማም።»

«አልሰማም አለች ያለህ ማን ነው?»

«ኃላፊያችሁ ነዋ። ወረቀቱም አለ። የእርስዎም ፊርማ አለበት።»

ለዚህ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። «ፊርማው የእኔ ነው» አልኩት። «የተጻፈው ግን ውሸት ነው። እናትህ ሰምተዋል። እኔ ያልኳቸውን ነው ያደረጉት፣ ከልኩ በላይ አድርገው። ጭናቸውን መለካት ነበረብኝ፣ አልለካሁም። የሚበሉትን መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። ሲዳከሙ አይቻለሁ፤ አይቼ አለፍኩ።» ስለ ቅዳሜዎቹ፣ ስለ ጭብጨባው፣ ስለ ሪፖርቱ ሁሉን በቅደም ተከተል ነገርኩት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ እሷን ስቆጣ» አለ ደረጀ፤ አልጨረሰውም። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ለምንድን ነው ዝም ያሉት?»

«መጀመሪያ ፈርቼ። በኋላ ለምጄው።»

«አትጩህባት» አሉ እትዬ አስካለ። ወደኔ ዞሩ። «የንስሐ አባቴ እኮ አሞሻል፣ ጾሙ ይቅርብሽ፣ በጠዋት ቅመሺ ብለው ፈትተውኝ ነበር። የለም፣ ሲስተር አዛኛለች አልኳቸው። ሳቁብኝ። ሐኪም ጾም ማዘዝ ከጀመረማ እኛ ምን ቀረን አሉኝ።»

«እንግዲያው ያውቁ ነበር?» አልኩ። «የእኔ ጥፋት መሆኑን?»

«እኔማ አውቃለሁ። አንቺ ማወቅሽን ነበር የማላውቀው።»

ደረጀ ተነሳ። ፎጣዎቹን አንድ በአንድ ከመደገፊያው ላይ አነሳ፣ መደገፊያውን አምጥቶ እናቱ ፊት አቆመው። «እስከ በሩ» አለ።

«እስከ ደረጃው» አሉ እሳቸው።

«ዛሬ እስከ በሩ» አልኩ። «ደረጃው ጭን ይፈልጋል። ጭን ደግሞ ምግብና ጊዜ ይፈልጋል።»

እኔ በአንድ ጎን፣ ደረጀ በሌላው ሆነን እሳቸው ተራመዱ። በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱና ቁና ቁና እየተነፈሱ ተቀመጡ። ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«እሺ፤ ከነገ ጀምሮ ምን እንደምበላ ንገሪኝ» አሉኝ። «ግን ደሬም ቁጭ ይበልና ይስማ።»